ቅድመ አያቴ በወረቀትና በቃል

አፋሩ ቅድመ አያቴ አዋሽ ጣቢያ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሐዲዱ የተነሳው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ከነበረችው ጅቡቲ ነው። ልጁ፣ አያቴ፣ «ባቡሩ አዲስ አበባ የገባ ዓመት ነው የተቀጠረው» ትል ነበር፤ ይኸውም 1909 ዓ.ም. ነው። ቤታችን የቀረችው የኩባንያው ወረቀት ደግሞ በፈረንሳይኛ 1917 ትላለች። አይጋጩም፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በእነሱ አቆጣጠር ነው።

ወረቀቷ ግን ስሙንና የአባቱን ስም ብቻ ይዛ ጎሳውን አታነሳም። ሰመራ ለሥራ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ጠየቅኳቸው። አፋር በዳጉ፣ መንገደኛ ቆሞ ወሬ በሚለዋወጥበት ሥርዓት፣ ነገር አጣርቶ መያዝ ያውቅበታል። ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ።

እኛ ሐኪሞች ከካርዱ ጋር በሽተኛውንም እንጠይቅ የለ? የቤተሰብ ታሪክም እንደዚያው ነው። እናንተም ሽማግሌዎቻችሁ ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ።