ከአትክልት ተራ እስከ ለገሃር፤ ስለ አንድ ሞዴል መስፈርት

ይህን የበዓል መጽሔት የምታነቡ ወላጆችና ጓደኞች ሁሉ፥ በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ የቆመውን የለገሃርን ሞዴል ሳታዩት አልቀራችሁም። ያ ሞዴል አሁን ባለበት መልክ ከመቆሙ በፊት አንድ ጊዜ ፈርሷል። የፈረሰበትን ምክንያት ለመጻፍ የተነሣነው እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ነን፤ ነገሩ የቁጥር ስሕተት ቢመስልም በውስጡ የአገራችን የምድር ባቡር ታሪክ አለበት።

አሳባችን በመጀመሪያ ቀላል ነበር። በጠረጴዛው በአንደኛው ጫፍ ሰፈራችንን አትክልት ተራን፥ በሌላው ጫፍ ለገሃርን አቁመን በመካከላቸው ባቡር ልናስኬድ ነው። የአትክልቱ ገበያ በ2012 ዓ. ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፥ ከዚያም ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወርም ስሙ ከቦታው አልተነሣም፤ በ2008 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር በዚሁ ስም የሚጠራ ጣቢያ ተሠርቶለታል። ያው መስመር በልደታና በሜክሲኮ አልፎ ለገሃር ላይ ሌላ ጣቢያ አለው። እንግዲህ መንገዱ የእኛ ፈጠራ አይደለም።

አንድ የቀድሞ ተማሪ ከውጭ አገር የላከልን የመጫወቻ ባቡር ነበረን። በሣጥኑ ላይ 1፡87 የሚል ቁጥር ታትሞበታል። ይህ መስፈርቱ፥ በተለምዶ ስኬል የምንለው ነው፤ ትርጓሜውም እውነተኛው ነገር ሰማንያ ሰባት ጊዜ አንሶ ተሠርቷል ማለት ነው። እኛ የአትክልት ተራ ልጆች ሚዛን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የሽንኩርቱ ነውና፥ የርዝመትም ሚዛን እንዳለ ለመማር ጥቂት ጊዜ ወስዶብናል። ያለ ጥርጥር የለገሃርን ሕንፃ በ87 እያካፈልን ከምናለሽ ተራ በገዛነው ካርቶን ሠራነው። ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ከሕንፃው ጐን አሮጌው የጅቡቲ ባቡር ነው ብለን ባቡሩን ስናቆም ግን፥ አንዲት የክበባችን አባል ይህ ሐዲድ የጅቡቲ ሐዲድ ሊሆን አይችልም ብላ ተከራከረችን። ማስመሪያ አምጥታ ለካች፤ እውነቷን ነበር።

የሐዲድ ስፋት የሚለካው ከአንዱ ብረት የውስጥ ጠርዝ እስከ ሌላው ብረት የውስጥ ጠርዝ ነው። የመጫወቻችን ሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በ87 ስናባዛው 1,435 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይኸውም በአብዛኛው አውሮፓ፥ በአሜሪካና በቻይና የተለመደው ስፋት ነው። የአሮጌው የጅቡቲ መስመር ስፋት ግን ልክ አንድ ሜትር ነበረ። ሳናውቀው ሐዲዱን ከ43 ሴንቲ ሜትር በላይ አስፍተነዋል።

ይህ አንድ ሜትር እንዲያው የመጣ አይደለም። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1886 ዓ. ም. የምድር ባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሥራውም በ1890 ዓ. ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚወጣ መንገድ ጠባብ ሐዲድ ይሻላል፤ ቈፋሮው ያንሳል፥ በጠባብ ኩርባ ይዞራል፥ ገንዘብም ይቈጥባል። ገንዘቡ እንደዚያም ሆኖ አልበቃም። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለ ከበደ ሐዲዱ በ1895 ዓ. ም. ከግርጌው ደርሶ ድሬዳዋ ተቈረቈረች፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሠረ፤ ሌላ ኩባንያ ተረክቦት ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ. ም. ነው። ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንፃ፥ ስሙን ጣቢያ ከሚለው ከፈረንሳይኛው ላ ጋር የወሰደው፥ በ1922 ዓ. ም. ተመረቀ።

ከዚህ በኋላ የሣጥኑን ቁጥር ትተን ከሐዲዱ ተነሣን። 1,000 ለ16.5 ሲካፈል 60.6 ይሆናል። ስለዚህ ያው መጫወቻ ሐዲድ ለጅቡቲ ባቡር ሲሆን መስፈርቱ 1፡60 ነው ማለት ይቻላል፤ በማጠጋጋታችን የሚመጣው ልዩነት በሐዲዱ ላይ ሁለት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስድሳ ደግሞ ለሠሪ የሚመች ቁጥር ነው፤ 3 ሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር፥ 6 ሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ1፡87 13.8 ሴንቲ ሜትር የነበረው የ12 ሜትር ግድግዳ 20 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የሁለት ሳምንቱ ካርቶን ተጣለ። ከባቡሩም ሞተሩንና ጎማዎቹን ብቻ አስቀርተን ገላውን በወፍራም ወረቀት እንደገና ሠራነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። ቀላል ባቡሩ በ1,435 የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ለእርሱስ የሣጥኑ 1፡87 ትክክል አልነበረምን? ትክክል ነበር። ነገር ግን ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በ1፡87 19.5 ሚሊ ሜትር፥ በ1፡60 ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአትክልት ተራ ሰው ተሳፍሮ ለገሃር ቢወርድ ከዚያ ካለው ሰው ደረት ላይ ብቻ ሊደርስ ነው! ይህንንስ ሰፈራችን አይቀበለውም። ስለዚህ ሁሉንም በ1፡60 አደረግን፤ የቀላል ባቡሩን ሐዲድ በ24 ሚሊ ሜትር ስፋት ከቀጭን እንጨት ሰነጠቅነው። አይንቀሳቀስም። ነገር ግን ሁለቱ ሐዲዶች ጐን ለጐን ሲታዩ የዘመኑ ልዩነት በዓይን ይታያል።

ሕንፃውን መለካት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በር በሜትር ይለካል፤ ጣሪያ ግን አይደረስበትም። እዚህ ላይ አሮጌ ፎቶግራፎች ረዱን። ሐዲዱ አንድ ሜትር መሆኑን ያወቀ ሰው ፎቶግራፉን በውስጡ ማስመሪያ እንደ ያዘ አድርጎ ያነበዋል። ለምሳሌ ሐዲዱ በፎቶግራፉ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፥ በሩም 18 ሚሊ ሜትር ቢረዝም፥ በሩ 2.25 ሜትር ነው፤ በሞዴሉም 37.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ሐዲዱና በሩ ከካሜራው እኩል መራቅ አለባቸው፤ የቀረበው ይተልቃልና። ይህን ረስተን አንድ መስኮት ከበሩ አስበልጠን እንደ ነበር አንደብቅም።

ይህን ያህል መድከማችን ለምን እንደ ሆነ የጠየቁን አሉ። አሮጌው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መምጣቱን ካቆመ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከእኛ መካከል ፉጨቱን የሰማ የለም። በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር በሰፊው ሐዲድ የሚሄድ ነው፤ ለገሃርም አይገባም። በሞዴላችን ላይ ሰፊ ሐዲድ ከአሮጌው ሕንፃ ሥር ብንተው፥ የሚያየው ታናሽ ወንድማችን እውነት አድርጎ ይወስደው ነበር።

ለጨዋታ ያህል የመስመሩን 784 ኪሎ ሜትር በ60 አካፍለነው ነበር፤ 13 ኪሎ ሜትር ወጣ። ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ያለው የቀላል ባቡር መንገድ 16.9 ኪሎ ሜትር ነውና ከጅቡቲ እስከ ለገሃር ያለው ሞዴል በውስጡ ይዘረጋል፤ ከፍታው ግን ዐሥራ ሁለት ፎቅ ያህል ይሆናል። ጠረጴዛችን ሁለት ሜትር ተኩል ነው።

ከሕንፃው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በሞዴሉ ላይ የለም። ለ1923ቱ የዘውድ በዓል የቆመው ይህ ሐውልት በወረራው ዘመን ወደ ሮማ ተወስዶ፥ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ. ም. በዚያ በፊቱ ሰይፍ መዞበት፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ስፍራው የተመለሰ ነው። ቁመቱን ገና በትክክል አልለካንም፤ ስለዚህ መቆሚያውን ብቻ ሠርተን ባዶውን ትተነዋል።