ውይይት ለበሬ አልባ ምን ይፈይዳል? የአየር ጠባይ ትንበያ በደጎሎ ጥቁር አፈር

የአየር ጠባይ መረጃ ገበሬው ማሳ ላይ የሚውለው መቼ ነው? ካሽና ባልደረቦቹ (2003 እ.ኤ.አ.) ዕውቀቱ ተአማኒ፣ ወቅታዊ ችግርን የሚመልስና ቅቡልነት ያለው ሲሆን ነው ብለዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ከሌሞስ፣ ኪርክሆፍና ራምፕራሳድ (2012 እ.ኤ.አ.) ጋር ነው። እነርሱ መረጃን ሥራ ላይ የሚያውሉት ከፍላጎት ጋር መግጠሙ፣ ከነባር ዕውቀት ጋር መዛመዱና የባለሙያውና የተጠቃሚው መቀራረብ ናቸው ይላሉ። በተግባር የገነነው ሦስተኛው ነው፤ ስብሰባ ከተጠራ፣ ገበሬው ከተጠየቀ፣ መረጃው እንደበሰለ ይቆጠራል።

የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ደጎሎ ይህን አያረጋግጥም። በዙሪያዋ ያለው ሜዳ በሰፊው ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር አፈር፣ ነው፤ ክረምት ሲበረታ ውሃ ይተኛበታል። ገበሬው ሁለት መንገድ አለው፦ ውሃውን አጠንፍፎ ቀድሞ መዝራት፣ ወይም ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ በቀሪው እርጥበት ሽምብራና ምስር ማብቀል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለት የአገር ማረሻ በማጣመር የተሠራው ቢቢኤም የተባለው ሰፊ መደብ ማውጫ መሣሪያ የመጀመሪያውን መንገድ ለመክፈት የታሰበ ነበር። ሁለቱም መንገዶች በጊዜ ላይ ስለሚንጠለጠሉ ጥያቄው ክረምቱ መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል የሚል ነው። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው የወቅት ትንበያ ግን የዝናቡን መጠን «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» ብሎ ይመድባል። ዲሪባ ኮሬቻና ሶርቴበርግ (2013 እ.ኤ.አ.) የ1999–2011 ትንበያዎችን መርምረው ብቃታቸው ደካማ፣ ሚዛናቸውም ወደ «መደበኛ» ያጋደለ መሆኑን አሳይተዋል።

ትንበያው ፍጹም ቢሆንስ? እዚህ ላይ የተዘነጋ ምንጭ አለ። ደሳለኝ ራህማቶ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የአምባሰል ጥናት ገበሬው ረሃቡ ሳይበረታ ምግቡን እንደሚቆጥብ፣ ከዚያ ለሥራ እንደሚሰደድ፣ ቀጥሎ ጥሪቱን እንደሚሸጥ ዘርዝረዋል። ከዚህ የሚወጣው ትርጉም ግልጽ ነው፤ ገበሬው ምልክቱን አይቷል፤ ያነሰው አማራጭ ነው። የደጎሎም ነገር ከዚህ አይርቅም። አንድ በሬ ያለው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ አጣምሮ ተራውን ይጠብቃል፤ በሬ የሌለው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ለዚህ ሰው የመዝሪያውን ቀን የሚወስነው ባለ በሬው ነው፤ ትንበያው ግን የሚነገረው ለባለ መሬቱ ነው።

መቀራረብ መተማመንን ይወልዳል የሚል መቃወሚያ ይነሣ ይሆናል። ይወልዳል፤ መተማመን ግን አያርስም። ድምዳሜው በቀይ አፈርና በበልግ አብቃይ ወረዳዎች ሳይፈተሽ ሊዘረጋ አይገባውም፤ ዋናው ነጥብ ግን በዚህ አይናጋም።

ስለዚህ የባለሙያውና የገበሬው ውይይት ከትንበያው ሳይሆን ከውሳኔው መነሣት አለበት፦ ማን ይወስናል፣ በየትኛው ሳምንት፣ በማን ጥማድ። የክረምቱ ትንበያ ግንቦት መጨረሻ ላይ ሲደርስ የበሬው ተራ ተይዟል፤ የእኩሉም ውል ታስሯል። ውይይቱ ከዚያ በፊት፣ እኩል አራሹ ባለበት፣ ክረምቱ ባለፉት ዓመታት የገባበትንና የወጣበትን ቀን ይዞ መካሄድ ይኖርበታል።