የሪጀንት ሃኒኢተር ዜማ

ሪጀንት ሃኒኢተር በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ የባሕር ዛፍ ደኖች የሚኖር፣ የአበባ ወለላ የሚመገብ ጥቁርና ቢጫ ወፍ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መድቦታል። በዱር የቀሩት ጥቂት መቶ ብቻ እንደሆኑ ይገመታል፤ ዋናው ምክንያት የደን መመንጠር ነው። ከወፉ ቁጥር ጋር ዜማውም እየጠፋ መሆኑ ታውቋል።

ዜማው እንዴት ይወረሳል?

ወንዱ ዜማውን ይዞ አይወለድም፤ ልክ ሕፃን ቋንቋ እንደሚማር ከሌሎች ይማራል። አባትየው ጫጩቶች በጎጆ ሳሉ ጠላት እንዳይስብ ዝም ስለሚል፣ ልጁ ከጎጆ ከወጣ በኋላ ሌሎች ጎልማሳ ወንዶችን ሰምቶ መማር አለበት። ወፎቹ ሲመናመኑ የሚሰማው አስተማሪ ያጣል።

በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ በዱር ከተቀረጹት ወንዶች 12 በመቶ ያህሉ የሌላ ዝርያ ወፎችን ድምፅ ብቻ ያሰሙ ነበር። ያልተለመደ ዜማ ያላቸው ወንዶች ሴት የማግኘት ዕድላቸው አነስተኛ ሆኗል።

በሰው እጅ ያደጉ ወፎች

ዝርያውን ለማትረፍ በሲድኒ የሚገኘው የታሮንጋ መካነ እንስሳት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወፉን እያራባ ወደ ዱር ይለቃል። ይሁን እንጂ በዚያ የተፈለፈሉት ወንዶች የዱሩን ዜማ የሚያውቅ ወፍ ሰምተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ ድምፃቸው ከዱሩ አጠርና ቀለል ያለ ሆነ። ይህም አሳሳቢ የሆነው፣ በዱር የሚኖሩ ሴቶች የተለቀቁትን ወንዶች እንደ ተጓዳኝ ላይቀበሉ ስለሚችሉ ነው።

ዜማውን መልሶ ማስተማር

መፍትሔው አስተማሪ ማግኘት ሆነ። የተቀረጸ ዜማ በድምፅ ማጉያ ማሰማት ብቻውን በቂ አልነበረም። ከዱር የመጡ ወንዶች ከወጣቶቹ ጋር አብረው ሲቀመጡ፣ በተለይም ለአንድ አስተማሪ የሚመደቡት ተማሪዎች ቁጥር ሲቀንስ ግን ውጤቱ ተሻሻለ። የዱሩን ዜማ የተማሩት ወጣት ወንዶች ድርሻ በሦስት ዓመት ውስጥ ከዜሮ ወደ 42 በመቶ አድጓል።

በዚሁ ጊዜ ሙሉው የቀድሞ ዜማ ከዱር ጠፋ። በመሆኑም ቀድሞ ዜማውን ያሳጣው የሽቦ ቤት አሁን የዜማው መጠበቂያ ሆኗል፤ ወደ ዱር የሚመለሰውም በሚለቀቁት ወፎች አማካይነት ነው።