ከኑሮ ግዴታ ወደ ትርፍ ጊዜ ተግባር፦ የጎልፍና የጂምናዚየም ታሪክ



ጎልፍ መጫወትና በጂምናዚየም ዘወትር መሥራት ዛሬ በአንድ የጤና ምክር ውስጥ ጎን ለጎን ይጠራሉ። በታሪክ ሲመረመሩ ግን ምንጫቸው የተለያየ ነው። ጎልፍ ጨዋታ ነው፤ እንደ ጤና መጠበቂያ መቆጠር የጀመረው ውሎ አድሮ ነው። ጂምናዚየም ግን ከመነሻው ሰውነትን ለመለወጥ ታቅዶ የተቋቋመ ስፍራ ነው። በዛሬው ገለጻዬ እነዚህ ሁለት መንገዶች የት እንደተገናኙ፣ ለምን እንደተገናኙና መገናኘታቸው ማንን እንደጠቀመ ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጎልፍ እንነሣ። በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ በዳግማዊ ንጉሥ ጄምስ ዘመን እግር ኳስና ጎልፍ እንዲቀሩ ደነገገ። ከእንግሊዝ ጋር የሚደረግ ጦርነት ያሰጋው መንግሥት ወንዶች ጊዜያቸውን ቀስት በመለማመድ እንዲያሳልፉ ይፈልግ ነበር። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ሲባል ለሰማን ለእኛ ነገሩ ይገርማል፤ በዚያ የተቆጣው ንጉሡ ራሱ ነውና። እገዳው በ1471 እና በ1491 እንደገና ታውጇል። አንድ ሕግ ተደጋግሞ መታወጁ አለመከበሩን ያመለክታልና፣ ጨዋታው በሕዝቡ ዘንድ ሥር እንደሰደደ ከዚህ መረዳት እንችላለን።

ከመጀመሪያው እገዳ መቶ ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1552 የቅዱስ እንድርያስ ከተማ ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን ባወጡት ሰነድ የከተማው ነዋሪዎች በባሕሩ ዳር ሜዳ ጎልፍ የመጫወት መብት ታወቀላቸው። ሜዳው የግል ርስት ሳይሆን የከተማው የጋራ መሬት መሆኑን ልብ እንበል፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ። በዚሁ ስፍራ በ1764 የጉድጓዶቹ ቁጥር 18 ሆነ፤ ይህም ቆይቶ የዓለም ልማድ ሆነ። በ1848 አካባቢ ደግሞ በላባ የተሞላውንና እጅግ ውድ የነበረውን የቆዳ ኳስ፣ ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ ርካሽ ኳስ ተካው። ጨዋታውም ለብዙ ሰው ቀረበ።

የጎልፍ ዓላማ ኳስን በጥቂት ምት ወደ ጉድጓድ ማስገባት ነው። ተጫዋቹ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ኳሱ ሩቅ ስለሚወድቅ እንጂ መራመድ ግቡ ስለሆነ አይደለም። እንቅስቃሴው የጨዋታው ትርፍ ነው ማለት ይቻላል።

ጂምናዚየም በተቃራኒው የተወለደው ከፖለቲካና ከሕክምና ነው። ፕሩሲያ በ1806 በናፖሊዮን ከተሸነፈች በኋላ ፍሪድሪኽ ሉድቪግ ያን በ1811 በበርሊን ዳርቻ በሃዘንሃይደ ገላጣ ሜዳ ላይ የሰውነት ማጎልመሻ ስፍራ ከፈተ። ወጣቶች በአግዳሚና በትይዩ ዘንጎች ላይ ይሠለጥኑ ነበር፤ ግቡም ለነጻነት የሚዋጋ ትውልድ ማፍራት ነበር። ስለዚህም መንግሥት ፈራው። ያን በ1819 ታሰረ፤ ስፍራዎቹም ተዘግተው እገዳው እስከ 1842 ዘለቀ። እዚህም እንደ ስኮትላንዱ ሁሉ የሰው እንቅስቃሴ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

በስዊድን ደግሞ ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ተቋም መሠረተ። በዚያው ከተማ ሐኪሙ ጉስታፍ ሳንደር በ1865 በዘንግና በክብደት የሚሠሩ መሣሪያዎች ያሉት የሕክምና ተቋም ከፈተ። የዛሬዎቹ የጂም መሣሪያዎች የቅርብ አያቶች እነዚህ ናቸው። የሳንደር መሣሪያዎች በብዙ አገሮች ተሠራጭተው፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚውለውን ባለጸጋ ያገለግሉ ጀመር።

ይህ ለውጥ ምን ማለት እንደሆነ በ1912 የሰመጠችው ታይታኒክ በግልጽ ታሳየናለች። በመርከቧ የላይኛ ክፍል ለአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች የተዘጋጀ ጂምናዚየም ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ ሰው ሠራሽ ፈረስና ግመልም ነበሩበት። ከታች በማሞቂያው ክፍል ደግሞ ሠራተኞች በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ቶን የድንጋይ ከሰል በአካፋ ወደ እሳት ይጨምሩ ነበር። ላይ ያለው ሰው ሰውነቱን ለማንቀሳቀስ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ታች ያለው ሰውነቱን ለማሳረፍ ጊዜ የለውም። አንዱ እንቅስቃሴ ስፖርት ተባለ፤ ሌላው ድካም።

እንቅስቃሴና ጤና በአኃዝ የተያያዙት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ በ1953 ባሳተሙት ጥናት በለንደን ትራንስፖርት የሚሠሩ 31,000 ገደማ ወንዶችን መረመሩ። ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ የሚነዱት ሾፌሮች ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ፤ ትኬት ቆራጮቹ ግን በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣሉ። በልብ ሕመም የሚያዙትና የሚሞቱት በብዛት ሾፌሮቹ ሆነው ተገኙ።

ይሁንና ለታሪክ ተማሪ ከውጤቱ ይልቅ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ይበልጥ ይጠቅማል። ሾፌር የሚሆኑት ቀድሞውንም የተለየ ሰውነት ያላቸው ቢሆኑስ? የሞሪስ ቡድን የደንብ ልብስ መዝገብ አገላብጦ በ1956 ባወጣው ጽሑፍ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገብ ከትኬት ቆራጮቹ እንደሚሰፋ አሳየ። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ከደረጃው የመጣ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም ነበር። መላምቱን ያጠናከሩት በኋላ በሌሎች ሙያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናቸው።

ስለ ጎልፍም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል። በ2008 የታተመ የስዊድን ጥናት 300,818 የጎልፍ ተጫዋቾችን ተከታትሎ፣ የሞት መጠናቸው በጾታ፣ በዕድሜና በኑሮ ደረጃ ከሚመስሏቸው ሰዎች በ40 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኘው። አጥኚዎቹ ግን ልዩነቱ ሁሉ ከጨዋታው የመጣ ነው አላሉም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም ነው ያሉት። ጤነኛ ሰው ጎልፍ ይጫወታልን፣ ወይስ ጎልፍ ሰውን ጤነኛ ያደርጋል? ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ መንገዶች በአንድ ሰው ሕይወት ሲገናኙም እናያለን። ጡንቻ የጎልፍ ምትን ያበላሻል ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ደቡብ አፍሪካዊው ጋሪ ፕሌየር ክብደት እያነሣ በመሠልጠን ይታወቅ ነበር፤ በ1965 አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈ ተጫዋች ሆነ። ነገር ግን በዚያው ዘመን በአሜሪካ የጎልፍ ሜዳዎች ላይ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ተስፋፉ። ከጨዋታው ዋነኛ ትርፍ የነበረው እግር ጉዞ ለሞተር ተሰጠ፤ ተጫዋቹም ያጣውን እንቅስቃሴ ሌላ ቦታ ሄዶ መሥራት አስፈለገው።

መደምደሚያዬ ይህ ነው። መሣሪያ የሰውን ድካም ሲያቀል እንቅስቃሴ ከኑሮ ግዴታነት ወጥቶ በትርፍ ጊዜ የሚፈጸም ተግባር ሆነ። ትርፍ ጊዜና ስፍራ ደግሞ ለሁሉም እኩል አልተከፋፈሉም። ስለዚህ የማይንቀሳቀስን ሰው በስንፍና ከመውቀሳችን በፊት ጊዜ አለው ወይ፣ የሚሄድበት ሜዳ አለው ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል። የ1552ቱ ሰነድ ያጸናው ይህንኑ ነው፤ የቅዱስ እንድርያስ ነዋሪዎች እንዲጫወቱ አልተመከሩም፤ የሚጫወቱበት መሬት ግን ተጠበቀላቸው። ከተሞቻችንን የምታቅዱ፣ ትምህርት ቤቶቻችንን የምትመሩ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ ይህን አንድ ነጥብ ብትይዙ ደስ ይለኛል።