ካኤልና ቦርጭ

በደቡብ ኦሞ፣ በሰላማጎ ወረዳ የሚኖሩት ቦዲዎች ውፍረትን የሚመዝኑት በአደባባይ ነው። በሰኔ ወር ግድም በሚውለው የዘመን መለወጫ በዓላቸው፣ በካኤል፣ ከየጎሳው አንድ ያላገባ ጎልማሳ ለውድድር ይቀርባል። ይህ ሰው እስከ ስድስት ወር ድረስ ከጎጆው ሳይርቅ፣ ከሴት ተለይቶ፣ ወተትና የከብት ደም ሲጠጣ ይከርማል። ደሙ የሚወሰደው በሬው ሳይታረድ ነው፤ ደም ሥሩ ይበጣና ቁስሉ በጭቃ ይደፈናል። በበዓሉ ቀን ተወዳዳሪዎቹ አመድና ጭቃ ተቀብተው በፀሐይ ሲዞሩ ይውላሉ። እጅግ የወፈረው ያሸንፋል። ሽልማቱ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ክብር ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም።

የቱሪስት ፎቶግራፍ የማያሳየን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በዓሉ ሲያልፍ ሰውዬው በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ ሰውነቱ ይመለሳል። ውፍረቱ መጀመሪያም መጨረሻም አለው፤ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይመዝነዋል።

የኛ የከተሜዎቹ ግን ማብቂያ ቀን የለውም። የ1966ንና የ1977ን ረሃብ ያየ ወላጅ ልጁን «ወፈርክ፣ አማረብህ» ቢል አይፈረድበትም፤ መክሳት የሞት ምልክት የነበረበትን ዘመን አልፏል። ምርቃቱ ግን ዘመኑ ካለፈም በኋላ ቀረ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ከስምንት የዓለም ሰዎች አንዱ ከልክ በላይ ወፍራም ነበር።

በጥር 2003 ዓ.ም. ጂንካ ላይ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የኦሞ ሸለቆን የስኳር ልማት አበሠሩ። ከዚያ ወዲህ ከቦዲ ግጦሽ ከፊሉ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ሆነ። ካኤልን የምታወፍረው ላም ሣር ሲያጥራት፣ ስኳሩ ለኛ ሻይ ታሰበ። (ያውም በሦስት ማንኪያ!)

ይህን ለመጻፍ ጂንካ ሄጄ ነበር። ከተማዋን ከኮረብታ ላይ ቁልቁል ወደሚያየው ሙዚየም ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆሜ ተነፈስኩ። ለወንድ የወገብ ዙሪያ ከ94 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ለስኳርና ለልብ በሽታ መጋለጥ እንደሚጨምር፣ ከ102 ሲያልፍ ደግሞ እንደሚከፋ ሐኪሞች ይናገራሉ። ስወርድ ገበያው ዳር ወዳለ አንድ ልብስ ሰፊ ጎራ ብዬ እንዲለካኝ ጠየቅሁት።

«ሱሪ ሊያሰፉ ነው፣ ጋሼ?»

«አይ፣ ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ።»

ሜትሩን እምብርቴ ላይ አዞረ። እኔ ትንፋሼን ስቤ ሆዴን ሰበሰብኩ። ልጁ ነቅቶብኛል፤ ሜትሩን እንደያዘ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ትንፋሼን ስለቅ አነበበው፦ 101።