አሸንድዬ፦ የላስታ ልጃገረዶች የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት

የላስታ ታሪክ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሱት በዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስና ከአለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የዚያው ምድር ልጆች በጨዋታ ያቆዩት ሥርዓት ግን ብዙ አልተጻፈለትም።

የፍልሰታ ጾም እንደ ተፈታ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የላስታ ልጃገረዶች አሸንድዬ የተባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አሥረው በቡድን ይወጣሉ። በዓሉ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። አስቀድመው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያም ከቤት ወደ ቤት ይዘልቃሉ። አንዷ ከበሮ ትመታለች፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የተሰጣቸውንም በጋራ ይካፈላሉ።

ተቀባይ የሌላት አውጪ ዘፈኗ አይደምቅም። ስለዚህ ልጆቹ ተራ መጠበቅን፣ ታላቅን ማክበርን፣ ሰጪን ማመስገንንና በትክክል መካፈልን ያለ መምህር ይማራሉ። ታናናሾቹም ከታላላቆቹ ጎን ተሰልፈው እያዩ ይለምዳሉ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት የሕፃኑን ሁለንተናዊ ዕድገት እንዲመለከት ወስኗል። ለዚህ ዓላማ የሚበጅ ልማድ በላስታ መንደሮች ቀድሞም ነበረ።

ዛሬ በዓሉ በከተማ መድረክ ላይ በአዋቂዎች አዘጋጅነት ጭምር ይከበራል። ልብሱና ዜማው በዚህ መንገድ ሊጠበቁ ይችላሉ። ትምህርቱ የሚዘልቀው ግን ልጆቹ ቡድናቸውን ራሳቸው መምራታቸውን ከቀጠሉ ነው።