ከመንዝ እስከ አራዳ፦ የመናገሻ ጕዞና የነባር ቤቶች መሠረት

ነጋሲ በ17ኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ከመንዝ ተነሥቶ የሸዋን ሥርወ መንግሥት ከመሠረተ ወዲህ የሸዋ መናገሻ መንገደኛ ነበረች። ወደ አንኮበር፣ በዳግማዊ ምኒልክም ዘመን ወደ ልቼና ወደ እንጦጦ ተዛውራለች። ምክንያቱ የፖለቲካ ብቻ አልነበረም፤ የማገዶና የቤት እንጨት ማለቅም ነበረበት። እንጨት ብርቅ በሆነበት በመንዝ ደጋ ባላገሩ ቤቱን በድንጋይ ክቦ ሲቀመጥ፣ ቤተ መንግሥቱ ግን ዛፍ ተከትሎ ይሄድ ነበር። ከዚህም የተነሣ አዲሱ ከተማ አሮጌውን የሚጫንበት አጋጣሚ እምብዛም አልነበረም።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ስፍራዋን ለአዲስ ዓለም ልትለቅ ተቃርባ ነበር፤ ባሕር ዛፍ አቆያት። ከተማ በአንድ ስፍራ ከጸና ዘንድ አዲሱ ቤት በአሮጌው ጎን ወይም በአሮጌው ፈንታ መሠራቱ ግድ ነው። በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በሚገኝበት በአራዳ፣ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል።

ለቀሩት የሚያሰጋው የጎረቤት ሕንፃ ከፍታ ብቻ አይደለም፤ ጕድጓዱ ይብሳል። የዚያ ዘመን ቤት ብዙውን ጊዜ ታችኛው ክፍል በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ ነው፤ መሠረቱ ጥልቅ አይደለም፣ የብረት ማሰሪያም የለውም። በአጠገቡ ከመሬት በታች ለሚሠራ የመኪና ማቆሚያ ሲቆፈር አፈሩ ወደ ባዶው ይሸሻል፤ ውሃው ሲሳብ መሬቱ ይሰጥማል። ግንቡ የሚሰነጠቀው አዲሱ ሕንፃ ገና ከመሬት ሳይወጣ ነው። በቅርስነት መመዝገብ ከዚህ አያድነውም። ስለዚህ የአፈር መደገፊያው ከቁፋሮው መቅደም፣ የነባሩ ቤት ስንጥቅም የመጀመሪያው አካፋ ሳያርፍ ተለክቶ በሁለቱ ወገኖች ፊት መፈረም ይገባዋል።